ጡንቻ አላሊው አያስተኛም፤ ሕመምም አያስታግስም

ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰውም ሆነ ቤተሰቡ «ማደንዘዣ» ብለው በአንድ ቃል የሚጠሩት ነገር የሦስት ሥራዎች ድምር ነው፦ ማስተኛት፣ ሕመምን መከልከል እና ጡንቻን ማላላት። ለየሥራው የየራሱ መድኃኒት አለ። ከሦስቱ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ሦስተኛው ነው። ከጡንቻ አላሊዎቹ አንዱ የሆነው ቬኩሮኒየም ብቻ በደም ሥሩ የተሰጠው ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። በዙሪያው የሚወራውን ይሰማል፣ ቢላዋው ሲያርፍበት ያመዋል፤ ግን ጣቱን ማንቀሳቀስ፣ መጮኽ፣ አየር መሳብም አይችልም። የሚተነፍስለት ሰው ካላገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

መድኃኒቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የመተንፈሻ ቱቦ ማንቁርትን ሳይጎዳ እንዲገባ፣ የሆድ ግድግዳ ላልቶ የቀዶ ሐኪሙ እጅ ከሚፈልገው ቦታ እንዲደርስ፣ አንዱን ማደንዘዣ ያለ ልክ ማብዛት እንዳያስፈልግ ያደርጋል። ችግሩ ሕመምተኛው ክፉ ነገር እንደገጠመው የሚያሳውቅባቸውን ሁለት መንገዶች፣ ትንፋሹንና እንቅስቃሴውን፣ አብሮ መውሰዱ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየውን የሚጠብቀው የባለሙያው ልማድ ብቻ ይሆናል፦ ምን ቀዳ? ስንት ሰጠ? መቼ ሰጠ? ጥንካሬው መመለሱንስ በምን አረጋገጠ?

ታሪኩ ራሱ ይህን ይመሰክራል። በደቡብ አሜሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን የሚቀቡበት የኩራሬ መርዝ ወደ ዘመናዊው የቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው እ.ኤ.አ. በጥር 1942 በካናዳ ሞንትሪያል፣ ሃሮልድ ግሪፊዝ እና ኢኒድ ጆንሰን በተጠቀሙበት ጊዜ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1954፣ ቢቸርና ቶድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአሥር ሆስፒታሎች የተሰበሰበ ወደ 600,000 የሚጠጋ የሰመመን መዝገብ አሳተሙ። ጡንቻ አላሊ ባልተሰጠበት ከ2,100 ሰው አንዱ፣ በተሰጠበት ግን ከ370 አንዱ ከሰመመን ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞቶ ተገኘ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ዛሬ ብዙዎች የሚስማሙበት ግን መድኃኒቱ ልብ የሚገድል መርዝ ስለሆነ እንዳልነበረ ነው። ሕመምተኞቹ ጡንቻቸው ሳይመለስ፣ በቂ ትንፋሽ የሚሰጣቸው ሳይኖር ከክፍሉ ይወጡ ነበር። ሰባ ዓመት አልፎም ይኸው ስሕተት በየአገሩ በትንሽ በትንሹ ይደገማል።

አሠራሩን ለመረዳት ነርቭና ጡንቻ ከሚገናኙበት ቦታ መጀመር ያሻል። ነርቩ ጡንቻውን «ተኮማተር» ሲል አሲቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ይለቃል፤ መልእክተኛው በጡንቻው ላይ ካሉት ተቀባዮች ሲቀመጥ ጡንቻው ይንቀሳቀሳል። ሳክሳሜቶኒየም ራሱ መልእክተኛውን መስሎ ይቀመጣል። ጡንቻውን አንድ ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቶሎ ስለማይነሣም ያዝለዋል። ቬኩሮኒየም፣ አትራኩሪየም፣ ሮኩሮኒየምና ፓንኩሮኒየም ደግሞ ምንም ሳይሠሩ ቦታውን ብቻ ይዘው መልእክተኛውን ይከለክላሉ። ይህ ልዩነት ከመድኃኒት መምረጥ ጀምሮ እስከ መቀልበስ ድረስ ሁሉን ይወስናል።

ሳክስ፦ አጭር ነው፣ ቀላል ግን አይደለም

ሳክሳሜቶኒየም፣ በየክፍሉ «ሳክስ» የሚባለው፣ ሆዱ ሙሉ የሆነን ሰው ወይም ለአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የመጣችን ነፍሰ ጡር በፍጥነት ቱቦ ለማስገባት እስካሁን ተፈላጊ ነው። ለአዋቂ ከ1 እስከ 1.5 ሚ.ግ. በኪሎ ሲሰጥ በ45 እና በ60 ሴኮንድ መካከል ይሠራል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል። በ2 ሚ.ሊ. ውስጥ 100 ሚ.ግ. ከያዘው አምፑል 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 90 ሚ.ግ. ማለት 1.8 ሚ.ሊ. ነው። ለሕፃን ሒሳቡ ይጠባል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ2 ሚ.ግ. በኪሎ ልክ 20 ሚ.ግ. ያስፈልገዋል፤ ይህ ካልተበረዘው መድኃኒት 0.4 ሚ.ሊ. ብቻ ስለሆነ በእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ሊበዛ ወይም ሊያንስ ይችላል። አምፑሉን በ8 ሚ.ሊ. ኖርማል ሳላይን በርዞ 10 ሚ.ግ. በሚ.ሊ. ማድረግና 2 ሚ.ሊ. መስጠት ይሻላል። የተበረዘው ሲሪንጅ ላይ መጠኑ ካልተጻፈ ግን መበረዙ ራሱ ሌላ አደጋ ይወልዳል።

«ቱቦው ባይገባ እንኳ ሳክስ ቶሎ ይለቃል» የሚለው ማጽናኛ ብዙዎችን አሳስቷል። ነፍሰ ጡር፣ ወፍራም ሰው፣ ሕፃንና ትኩሳት ያለበት ሰው በሳንባቸው ያለው ኦክስጅን የሚያልቀው ሳክሱ ከመልቀቁ በፊት ነው። ስለዚህ ጡንቻ አላሊ ከመስጠት በፊት 3 ደቂቃ ሙሉ፣ ጭንብሉ ፊት ላይ በደንብ ገጥሞ፣ ኦክስጅን ማስተንፈስ ግዴታ ነው። መምጠጫው በርቶ ከትራሱ ሥር፣ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው ከረጢት (አምቡ ባጉ) በእጅ በሚደረስበት፣ ሁለተኛ ላሪንጎስኮፕ (ማንቁርት ማያ) እና አንድ ቁጥር የሚያንስ ቱቦ ተዘጋጅተው፣ የደም ሥሩ መስመር መሥራቱ በፈሳሽ ተረጋግጦ መሆን አለበት። ቱቦው እምቢ ቢል ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ለረዳቱ በቃል መንገርም ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩ ሲጠፋ ወደ ሲሊንደር ማን እንደሚያዞር መታወቅ አለበት።

ሳክስ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም 0.5 ሚሊሞል በሊትር ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ከተቃጠለ አንድ ሁለት ቀን ያለፈው ሰው፣ የአከርካሪ ነርቭ ጉዳት ወይም ስትሮክ ከደረሰበት ቀናት ያለፉት፣ ለሳምንታት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ፣ ቴታነስ የያዘው፣ ወይም የጡንቻ መመንመን በሽታ ያለበት ልጅ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነርቩ የራቀው ወይም የተጎዳው ጡንቻ ተቀባዮችን በመላ አካሉ ላይ ስለሚያበቅል፣ ሳክስ ሲነካው ፖታሲየሙን ባንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ ልብ ይቆማል። የተቃጠለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሳክስ ቢሰጠው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ቁስሉ ሊፋቅለት ሲመለስ ያው መድኃኒት ሊገድለው ይችላል። «ባለፈው ሰጥተነው ነበር» የሚለው ምክንያት ስለዚህ አይሠራም። ሳክስ በተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ ልብ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፖታሲየም ነው። ከደረት መጫኑ ጋር 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 30 ሚ.ሊ. በደም ሥር ይሰጣል።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ ነገር የፀረ ተባይ መድኃኒት መርዝ ነው። ማላታይንና መሰሎቹ፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት፣ ሳክስን በደም ውስጥ የሚያፈርሰውን ኮሊንኤስትሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያጠፋሉ። መርዙን ጠጥቶ ትንፋሹ የደከመ ሰው ቱቦ ያስፈልገዋል፤ በሳክስ ከገባለት ግን የአምስት ደቂቃው መድኃኒት ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ሰው ሳክስን መተው ይሻላል። ሌላ አማራጭ ታጥቶ ከተሰጠም ለረጅም ጊዜ እንደሚተነፈስለት ታውቆ ይሁን። በዘር የተወረሰ የኢንዛይም እጥረት ያለባቸውም ሰዎች እንዲሁ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ። መፍትሔው ሁለት ነው፦ መተንፈስ እና ማስተኛት። ሁለተኛው እየተረሳ ሕመምተኛው ነቅቶ፣ ሰውነቱ ታስሮ ይቆያል። የሌሎቹ ጡንቻ አላሊዎች መቀልበሻ የሆነው ኒዎስቲግሚን እዚህ ቦታ የለውም፤ ራሱ ኢንዛይሙን ስለሚገታ ነገሩን ያራዝመዋል። በዚያው ምክንያት፣ በቀዶ ሕክምናው መጨረሻ ኒዎስቲግሚን የተሰጠው ሰው ማንቁርቱ ቢዘጋና ሳክስ ቢያስፈልገው፣ ያ ሳክስ ከወትሮው ረዝሞ እንደሚቆይ መጠበቅ ይገባል።

ሕፃናት ላይ፣ በተለይም ሳክስ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰጥ፣ የልብ ምት በድንገት ይወርዳል። የሚተነፈሰው ማደንዘዣ ሃሎቴን ባለበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ምትን የሚያፋጥነው አትሮፒን 0.02 ሚ.ግ. በኪሎ ተቀድቶ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ሳክሱ ከመሰጠቱ በፊት በትሪው ላይ መገኘት አለበት።

ሳክስ በመደበኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ከፍሪጅ ወጥቶ በሞቀ ክፍል የሰነበተ አምፑል ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባለሙያው ሙሉ መጠን ሰጥቶ መንጋጋው ሳይላላ ሲያገኘው ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። በቆላ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። አምፑሉ ከፍሪጅ የወጣበትን ቀን በላዩ ላይ መጻፍ፣ የቀኑን ፍጆታ ብቻ ማውጣት፣ የቆየውን መጣል ያዋጣል። መንጋጋው ሳይላላ ከመቅረትም አልፎ ድርቅ ብሎ ከተቆለፈ፣ የልብ ምቱም ከፈጠነና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያሻቀበ ከሄደ፣ የሚጠረጠረው አደገኛው የሰውነት መጋል ነው። ሃሎቴንም፣ ሌላው የሚተነፈስ ማደንዘዣ አይሶፍሉሬንም ወዲያው ይዘጋሉ። ማዳኛው ዳንትሮሊን 2.5 ሚ.ግ. በኪሎ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው የ20 ሚ.ግ. ብልቃጥ 8 ያህል፣ እያንዳንዱ በ60 ሚ.ሊ. ውኃ የሚበጠበጥ። በብዙ አገሮች አይገኝም፤ ስለዚህ በቤተሰቡ «በማደንዘዣ የሞተ አለ» የሚል ሰው ሲመጣ በአከርካሪ ማደንዘዣ ወይም በኬታሚን መሥራት ይቻል እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከሳክስ ውጭ ያሉት

ቬኩሮኒየም በዱቄት ይመጣል፤ 10 ሚ.ግ. ብልቃጡ በ10 ሚ.ሊ. ሲሟሟ 1 ሚ.ግ. በሚ.ሊ. ይሆናል። ለ60 ኪሎ ሰው 0.1 ሚ.ግ. በኪሎ 6 ሚ.ሊ. ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ይጠበቅለታል፤ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይሠራል። ጭማሪው ከ0.01 እስከ 0.02 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ማለትም ለዚሁ ሰው ከ1 ሚ.ሊ. ብዙም የማይበልጥ ነው። ማስተኛው ቲዮፔንታል በገባበት መስመር ቬኩሮኒየም ወዲያው ከተከተለ ነጭ ዝቃጭ ሠርቶ መስመሩን ይዘጋል። በመሃል 10 ሚ.ሊ. ሳላይን ማሳለፍ ሴኮንዶች ብቻ ይፈጃል፤ ሕመምተኛው ተኝቶ፣ ሳይተነፍስ፣ መስመሩ ሲዘጋ ግን የሚጠፋው ብዙ ነው። አትራኩሪየም በኩላሊትና በጉበት ላይ ሳይደገፍ በራሱ ስለሚፈርስ የአካል ክፍሎቻቸው ለደከሙ ይመረጣል፤ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ በፍጥነት ከተሰጠ ደም ግፊት ያወርዳል። ፓንኩሮኒየም ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና በኩላሊት የሚወጣ ስለሆነ አጭር ቀዶ ሕክምና ላይ ባይነካ ይሻላል።

እነዚህን የሚያራዝሙ ነገሮች በየቀኑ በእጃችን ያሉ ናቸው። አንቲባዮቲኩ ጄንታሚሲን አንዱ ነው። የሰውነት መቀዝቀዝ፣ በተለይ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ሌላው። አይሶፍሉሬንና ሃሎቴን እንዲሁ። ከሁሉ ይበልጥ መታሰብ ያለበት ግን ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ለኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ) 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫዎች የተወጋች እናት ለቀዶ ሕክምና ስትመጣ ቬኩሮኒየሙ በግማሽ ያህል ቢቀነስ እንኳ ከሌላው ሰው ይልቅ ይቆይባታል። ሳክስ ሲሰጣት ደግሞ የተለመደው የጡንቻ መንቀጥቀጥ ላይታይ ይችላል፤ መንቀጥቀጡን እየጠበቁ ጊዜ ማባከን ወይም «አልሠራም» ብሎ መድገም ስሕተት ነው። የሳክሱ መጠን አይቀነስም፤ ሰዓት ታይቶ በ60ኛው ሴኮንድ ቱቦው ይገባል።

አደጋው መጨረሻው ላይ ነው

ሰመመን ሰጪው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። ጡንቻ አላሊው ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ፣ ሁሉም እፎይ ሲል ነው። ቀሪ ዝለት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ለቱቦ ማስገቢያ አንድ ጊዜ ብቻ ቬኩሮኒየም፣ ሮኩሮኒየም ወይም አትራኩሪየም የተሰጣቸውን፣ መቀልበሻ ያልተሰጣቸውን 526 ሰዎች ለካ። ማገገሚያ ክፍል ሲደርሱ 45 በመቶው ጡንቻቸው በበቂ አልተመለሰም ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፋቸው መካከል እንኳ 37 በመቶው። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰጠሁት፣ ጊዜውም አልፏል» የሚለውን አባባል ይህ ቁጥር አፍርሶታል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ጡንቻ ሁሉ በአንድ ሰዓት አለመመለሱ ነው። ዲያፍራም ቀድሞ ይመለሳል፤ የጉሮሮና የመዋጫ ጡንቻዎች ዘግይተው። ስለዚህ ሕመምተኛው በቱቦው በኩል ደህና እየተነፈሰ፣ የአየሩ መጠን ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ቱቦው ሲወጣ ግን ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ ትውከት ወደ ሳንባው ይገባል። ኦክስጅን ሲያንስ ሰውነት በፍጥነት እንዲተነፍስ የሚያዘው የአንገት ዳሳሽም በመድኃኒቱ ይደነዝዛል። ከሁለት ቀን በኋላ በዋርድ የታየው የሳንባ ምች ከዚያ ሰዓት ጋር መገናኘቱን ብዙ ጊዜ ማንም አያስብም።

መለኪያው የታወቀ ነው። በእጅ አንጓ በትንሿ ጣት በኩል ባለው ነርቭ ላይ ሁለት ኤሌክትሮድ ተለጥፎ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አራት ምት ይሰጣል፤ የአውራ ጣት አራተኛው ምላሽ ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ንጽጽር 0.9 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦው ይወጣል። የአሜሪካ የአኔስቴዥያ ሐኪሞች ማኅበርም የአውሮፓው አቻውም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጧቸው መመሪያዎች የሚሉት ይህንኑ ነው፦ በአውራ ጣት ላይ፣ ቁጥር በሚያሳይ መሣሪያ ይለካ። በዓይን ማየት ወይም በእጅ መዳሰስ አይበቃም፤ ንጽጽሩ 0.4 ካለፈ በኋላ የሰው ዓይን በአንደኛውና በአራተኛው መካከል ያለውን ልዩነት መለየት አይችልም። ፊት ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ደግሞ የቅንድቡን ጡንቻ ቀድሞ መመለስ እያሳየ ያታልላል። ራስን ከትራስ ለአምስት ሴኮንድ ማንሣት የሚለው የቆየ ፈተና ንጽጽሩ ከ0.6 በታች ያለ ሰውም ሊያልፈው ይችላል። በጥርስ የነከሱትን የምላስ መጫኛ እንጨት እንዳይነጠቁ አጥብቆ መያዝ ይሻላል፤ ግን እሱም ማረጋገጫ አይደለም።

መሣሪያው በሌለበት፣ ማለትም በአብዛኛዎቹ የእኛ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ ምን ይደረግ? መልሱ ከመጀመሪያው ትንሽ መስጠት ነው። ቱቦ በሳክስ ገብቶ ቀዶ ሕክምናው አጭር ከሆነ ቬኩሮኒየም ለምን ያስፈልጋል? የአከርካሪ ማደንዘዣ ወይም ሕመምተኛው በራሱ እየተነፈሰ የሚሰጥ ሰመመን የሚበቃበት ቦታ ብዙ ነው። ቬኩሮኒየም ከተሰጠ እያንዳንዱ ጭማሪ ከነሰዓቱ ይጻፍ። ቀዶ ሐኪሙ «ሆዱ ጠነከረ» ባለ ቁጥር ቬኩሮኒየም መጨመር ልማድ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ግን የሕመም ማስታገሻ ወይም የአይሶፍሉሬን መጠን ነው። በመጨረሻዎቹ 30 ደቂቃዎች ጭማሪ ባይሰጥ ይመረጣል። ሕመምተኛው በራሱ መተንፈስ መሞከር ሳይጀምር ኒዎስቲግሚን አይሰጥም። ኒዎስቲግሚን የሚያበዛው አሲቲልኮሊንን ነው፤ ተቀባዮቹ በሙሉ በቬኩሮኒየም ተይዘው ሳሉ የቱንም ያህል ቢበዛ ቦታ አያገኝም። ጣሪያ አለው፤ ድጋሚ መስጠት ጉልበት አይጨምርም።

መጠኑ 0.05 ሚ.ግ. በኪሎ ነው፤ በድምሩ ከ5 ሚ.ግ. አይበልጥም። ለ60 ኪሎ ሰው 3 ሚ.ግ.፣ ከ1.2 ሚ.ግ. አትሮፒን ጋር። አትሮፒኑ ከተረሳ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ልብ ይዘገያል፤ ሊቆምም ይችላል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ኒዎስቲግሚን በገበያ ላይ በ0.5 ሚ.ግ. በሚ.ሊ.ም በ2.5 ሚ.ግ. በሚ.ሊ.ም ይገኛል። ያው 3 ሚ.ግ. በአንዱ 6 ሚ.ሊ.፣ በሌላው 1.2 ሚ.ሊ. ነው። አቅራቢው በተቀየረ ቁጥር «አምፑል ስንት» ብሎ የሚቆጥር ሰው አምስት እጥፍ ይሳሳታል። ስለዚህ ትእዛዙም መዝገቡም በሚሊግራም እንጂ በአምፑል አይሁን።

ከተሰጠ በኋላ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከፍተኛው ኃይሉ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ሰጥቶ በሁለተኛው ደቂቃ ቱቦውን መንቀል ካለመስጠት ብዙም አይለይም። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ተኝቶ ይቆይ እንጂ ነቅቶ ዝለቱን እየቀመሰ አይጠብቅ።

ሮኩሮኒየምና ሱጋማዴክስ ባሉበት አገር ይህ ሁሉ ይቀላል። ሱጋማዴክስ ሮኩሮኒየምንና ቬኩሮኒየምን ራሳቸውን ይዞ ያስራቸዋል፤ ከ2 እስከ 4 ሚ.ግ. በኪሎ በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል። ሮኩሮኒየም ከተሰጠ ወዲያው ቱቦው እምቢ ሲል ደግሞ 16 ሚ.ግ. በኪሎ ይሰጣል። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ 960 ሚ.ግ.፣ የ200 ሚ.ግ. ብልቃጥ አምስት ነው፤ በክፍሉ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ብቻ እያለ «ሱጋማዴክስ አለን» ማለት ራስን ማሞኘት ነው። አትራኩሪየምና ሳክስ ላይ ምንም አይሠራም። በሆርሞን የወሊድ መከላከያ የምትጠቀም ሴት ይህ መድኃኒት ከተሰጣት ለ7 ቀን ተጨማሪ መከላከያ እንደሚያስፈልጋት ሊነገራት ይገባል፤ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ወገኖቻችን ይህን መጠየቅ አለባቸው።

ፍሪጁ፣ ትሪው፣ ሲሪንጁ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በሶርያ ኢድሊብ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ላይ 15 ሕፃናት ሞቱ። የክትባቱ ዱቄት የተሟሟው በራሱ ማሟሟያ ሳይሆን በአትራኩሪየም ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጠው፣ መልካቸው ተመሳስሎ። በታኅሣሥ 2017 በአሜሪካ ናሽቪል ደግሞ ከምርመራ በፊት ማረጋጊያ ሚዳዞላም የታዘዘላቸው የ75 ዓመት እናት ቬኩሮኒየም ተወጉና ያለ መቆጣጠሪያ ብቻቸውን ተተዉ። ነርሷ በመድኃኒት ሳጥኑ ኮምፒውተር ላይ የሚዳዞላምን የንግድ ስም፣ የቨርሴድን (Versed)፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ጽፋ ነበር፤ የቬኩሮኒየም ስምም በእነዚያው ይጀምራል። በ2022 በወንጀል ተፈርዶባት ከእስር ይልቅ በሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተለቀቀች። ፍርዱ ያስነሣው ክርክር ትክክል ነበር፤ አንድን ሰው መቅጣት ሳጥኑን አያስተካክለውም።

በእኛ አገር ፍሪጅ ውስጥ ሳክስ ለወላዶች ከሚሰጠው የኦክሲቶሲን አምፑል ጋር ጎን ለጎን መቀመጡ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ቅዝቃዜ ይፈልጋሉና። በማዋለጃ ክፍል ፍሪጅ ግን ሳክስም አትራኩሪየምም ቦታ የላቸውም። በቀዶ ሕክምና ክፍሉም ክዳን ባለው፣ ቀይ ምልክት በተደረገበት፣ «ትንፋሽ ያቆማል» ተብሎ በአማርኛ በተጻፈበት ሳጥን ለብቻቸው መቆየት አለባቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሲሪንጅ ላይ የሚለጠፍ ዓለም አቀፍ የቀለም ልማድ አለ፦ ጡንቻ አላሊ ቀይ፣ ማስተኛ ቢጫ፣ ኦፒዮይድ ሰማያዊ፣ አትሮፒን አረንጓዴ፣ ግፊት ከፍ የሚያደርጉት ሐምራዊ። የመቀልበሻዎቹ ቀለም በነጭ ሰያፍ መስመር የተቆራረጠ ነው። ተለጣፊው ባይኖር ፕላስተርና ማርከር ይበቃል፤ ስሙ፣ በሚ.ሊ. ያለው ሚሊግራም፣ የተቀዳበት ሰዓት። የቀዳው ሰው አምፑሉን ሳይጥል ይጻፍ፤ ስም የሌለው ሲሪንጅ፣ ማንም «የእኔ ነው» ቢል፣ ይጣል። ቀለሙ ማንበብን አይተካም። ጡንቻ አላሊው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ትሪ ተደርድሮ መቆየቱ ሳይሆን፣ እስኪፈለግ በተለየ የኩላሊት ቅርጽ ሳህን መቀመጡ ይመረጣል።

የአከርካሪ ማደንዘዣም የራሱ መቅሰፍት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2022 ያስጠነቀቀው ስለ ትራኔክሳሚክ አሲድ ነበር። ለደም መፍሰስ በደም ሥር የሚሰጠው ይህ መድኃኒት አምፑሉ የአከርካሪ ማደንዘዣውን ቡፒቫኬይንን ስለሚመስል በስሕተት ወደ አከርካሪ ሲገባ ኃይለኛ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያመጣል፤ ብዙዎችን ገድሏል። ሁለቱም በአንድ የምጥ ቀዶ ሕክምና ላይ ስለሚፈለጉ ትራኔክሳሚኩ ከሰመመን ጋሪው ርቆ፣ በሌላ ክፍል ቢቀመጥ ነው የሚሻለው። ቡፒቫኬይኑን የሚወጋው ሰው አምፑሉን በራሱ ዓይን አንብቦ፣ ሁለተኛ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦለት ይቅዳ።

በክፍሉ የሚረሳ ሌላ ነገር በካኑላው (ደም ሥር ውስጥ በገባው ቀጭን ቱቦ) ውስጥ የቀረ ጠብታ ነው። ቬኩሮኒየም ወይም ሳክስ በመስመሩ ጫፍ ላይ ቀርቶ፣ ሕመምተኛው ዋርድ ከደረሰ በኋላ ነርሷ አንቲባዮቲክ ስትሰጥ ይገፋና ሰውየው አልጋው ላይ ትንፋሹ ይቆማል። በሕፃን ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከክፍሉ ከመውጣት በፊት የገቡት ካኑላዎች ሁሉ፣ ያልተሠራበት የመሰለውም፣ በሳላይን ይታጠቡ፤ መታጠቡም ይጻፍ።

ነቅቶ መታሰር

በብሪታንያና በአየርላንድ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ትልቅ ጥናት በሰመመን ውስጥ እያሉ መንቃት ከ19,000 ሰው በአንዱ ገደማ እንደሚደርስ ሪፖርቶችን ይዞ ገመተ። ጡንቻ አላሊ ሲኖር ከ8,000 አንዱ፣ ሳይኖር ግን ከ136,000 አንዱ። በሙሉ ሰመመን በሚደረግ የምጥ ቀዶ ሕክምና ከ670 አንዷ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ መንቀሳቀስ የሚችል ሰው መንቃቱን ያሳያል፣ የታሰረው ግን አይችልም። እንባ፣ ላብ፣ የግፊትና የምት መጨመር ይረዳሉ፤ አትሮፒን የተሰጠው ሰው ግን ምቱ በሌላ ምክንያትም ይጨምራል።

ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። የሚተነፈሰውን ማደንዘዣ የሚያተነው ቫፖራይዘር ባዶ መሆኑ ሳይታይ መቅረቱ። ቱቦው አስቸግሮ ሲረዝም ማስተኛው እያለቀ ሳክስ ብቻ መድገም። ተመሳሳይ ሲሪንጅ ውስጥ ያለ አንቲባዮቲክ ቲዮፔንታል ተብሎ መሰጠት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ኬታሚን አንድ ጊዜ ሰጥቶ በቬኩሮኒየም ላይ መቀጠል። ከ1 እስከ 2 ሚ.ግ. በኪሎ የተሰጠ ኬታሚን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው የሚያቆየው፤ ቬኩሮኒየሙ ግን ገና በጉልበቱ ነው። ሌላ ማስተኛ ከሌለ በየ15 ደቂቃው ገደማ 0.5 ሚ.ግ. በኪሎ መጨመር፣ ሰዓቱንም በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ በቆመ ጊዜም ከትንፋሹ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ተኝቷል ወይ?» ነው።

ሕመምተኛው በበኩሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሚደረገው ቃለ ምልልስ ሊያነሣቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ባለፈው ማደንዘዣ ዘግይቶ ነቅቶ እንደሆነ፣ ቱቦ ሲገባለት ችግር ገጥሞት እንደሆነ፣ ከዘመድ በማደንዘዣ የሞተ ወይም ለረጅም ሰዓት ያልነቃ ካለ፣ ቃጠሎ ወይም ሽባነት፣ በቅርቡ የነካው ወይም የጠጣው ፀረ ተባይ፣ የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ። ባለሙያው ደግሞ ያልተለመደ ነገር ካየ፣ ሳክስ ለሰዓታት ቢቆይ ወይም ብርቱ አለርጂ ቢነሣ፣ በቃል ተናግሮ ብቻ አይለፍ። ሕመምተኛው የዚያን ቀን የሰማውን አያስታውስም። የመድኃኒቱ ስም፣ ቀኑና የሆነው ነገር በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ይሰጠው። ሳክስ የቆየበት ሰው ወረቀት ላይ ግን አንድ መስመር ይጨመር፤ የኢንዛይም እጥረቱ በዘር ስለሚወረስ፣ ወንድሞቹና እህቶቹም ማደንዘዣ ከመውሰዳቸው በፊት ይህን ወረቀት ያሳዩ።